ቀኙ እህል፣ ግራው ውሃ

የሚያውቁኝ ሰዎች ደፋር ናት ይሉኛል። መቱ መናኸሪያ አጠገብ ጫማ እሸጣለሁ። በገበያ ቀን በአንድ ሸራ ጫማ ዋጋ ስከራከር ድምፄ ባጃጅ ተራው ድረስ ይሰማል። ሴት ናት ብሎ ሊያታልለኝ የመጣ አከፋፋይ ሁለተኛ አይመለስም። ይህችው ደፋር ሴት፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ፊት ተቀምጣ «ጡቴን አሞኛል» ማለት አቅቷት ልጇንም ራሷንም ልታጣ ምንም አልቀራትም ነበር። አፏ ለሁሉ ነገር ተፈትቶ ለዚህች ቃል ብቻ የሚታሰርባት እንደኔ ያለች ሴት አትጠፋምና ታንብበው ብዬ ነው የምጽፈው። ማንበብ የማትችል ከሆነች ያነበበ ይንገራት።

ሪያድ የበኩር ልጄ ነው። እዚሁ መቱ በጤና ተገላገልኩት። እናቴ ከሞተች ስለቆየች ሊያርሱኝ የመጡት የባለቤቴ የነስሩ እናት ናቸው። አዮ እንላቸዋለን፣ በኦሮምኛ እናቴ እንደማለት ነው። የሚኖሩት ዳሪሙ፣ መኪና ከማይደርስበት ቀበሌ ስለሆነ የመንገዱን እኩሌታ በእግራቸው ሄደው፣ ቅቤና ማር አሸክመው ነው የደረሱልኝ። እንደገቡ ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው አሰሩና «አንቺ ተኚ፣ ሌላው የኔ ሥራ ነው» አሉኝ። አንዱን ገንፎ ሳልጨርስ ሌላው ይደርሳል። ልብስ ላጥብ ብል ይቆጡኛል። ይህን ሳልናገር ወደ በሽታው ብገባ ግፍ ይሆንብኛል፤ እንደዚያ የታረሰች ሴት በሰፈራችን አላየሁም።

ታዲያ አዮ ከቅቤውና ከማሩ ጋር አንድ ትምህርትም ይዘው መጥተው ነበር። ፈጣሪ ለሴት ሁለት ጡት የሰጣት በከንቱ አይደለም፣ ግራው ውሃ ነው፣ ቀኙ እህል ነው። ልጅ ቀን ቀን ጥሙን የሚቆርጠው በግራው ነው። ቀኙ ግን ዝም ብሎ አይባክንም። እስኪሞላና እስኪከብድ ይቆያል፣ እህሉ የሚወፍረው ያኔ ነው፤ ልጅም ማታ ማታ እሱን ጠግቦ ይተኛል። «ነስሩን ያሳደግሁት እንዲህ አድርጌ ነው» አሉኝ። ነስሩ ደግሞ በሩን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው። ማስረጃው ፊቴ ቆሞ ምን ብዬ ልከራከር?

እኔም ቀኙን ቆጠብኩት። ይወጠራል፣ ይከብዳል፣ ሲነኩት ያማል። እኛ «ሞላ» እያልን ደስ ይለናል። አንድ ቀን ጠዋት ከብብቴ ዝቅ ብሎ ባቄላ የሚያህል እብጠት ዳሰስኩ። በማግስቱ ቦታው ቀላ፤ ወደ ማታ ብርድ ብርድ አለኝ። ያለው ብርድ ልብስ ሁሉ ተደርቦልኝ ጥርሴ መንቀጥቀጡን አልተው አለ። አዮ ምች ነው ብለው ዳማከሴ ጨምቀው አጠጡኝ፤ ጡቴንም በሞቀ ቅቤ አሹልኝ። ሲያሹኝ ዓይኔ ይጨልማል። ሪያድም በዚያ በኩል ሲይዝ ይነጫነጫል፤ ጡቱ ከመወጠሩ የተነሳ ጫፉ አፉ ውስጥ አይገባለትም።

ነስሩ በባጃጅ ወደ አንድ ክሊኒክ ወሰደኝ። አራስ ከቤት ስትወጣ አዮ አልወደዱትም፤ ፀሐይ እንዳታየኝ ሸፋፍነው ነው የሸኙኝ። የቡና ለቀማ ወቅት ስለነበር በረንዳው ትኩሳት በያዛቸው ለቃሚዎች ሞልቷል። ብዙ ጠብቀን ተራችን ደረሰ።

«ምን ይሰማሻል እህቴ?» አለኝ ወጣቱ።

«ብርድ ብርድ ይለኛል።»

«ራስ ምታት አለሽ?»

«አለኝ።»

«ሌላ የሚያምሽ ቦታስ?»

ነስሩ በሩ ላይ ቆሟል። ከኋላዬ አግዳሚው ላይ ሁለት ወንዶች ተራ ይጠብቃሉ። ጠያቂዬ ደግሞ የታናሽ ወንድሜ እኩያ ነው። «የለም» አልኩት።

ደሜ ተመረመረ። ወባ የለም ተባለ፣ ታይፎይድ ተገኘ። ትኩሳት ይዞት ሄዶ ታይፎይድ ሳይገኝበት የተመለሰ ሰው በኛ ሰፈር ካለ እኔ አላውቀውም። ደግሞስ ወጣቱን እንዴት እወቅሰዋለሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ። ክኒኔን ይዤ ተመለስኩ። ትኩሳቱ ትንሽ በረድ አለና ብሶበት ተመለሰ። የጡቴ ቆዳ እንደ ብርጭቆ አብለጨለጨ።

አራስ ሊጠይቁ የመጡ ጎረቤታችን እትዬ መሬማ አዩኝና ደነገጡ። «በዚህማ እንዳታጠቢው! መግሉ ሆዱ ይገባል» አሉኝ። ቀኙን ዘጋነው። የቀረው እንግዲህ ግራው ብቻ ነው፣ ግራው ደግሞ በአዮ ትምህርት ውሃ ነው። የቤታችን ጭንቀት ሁሉ እዚህች ላይ ተጠቀለለ። የልጁ እህል ታሟል፣ ልጁ በውሃ ሊያድግ ነው።

ማንኛውም ሕፃን ማምሻውን ያለቅሳል። ቀድሞ ሪያድ ሲያለቅስ ሆዱን ነፍቶት ነው እንል ነበር። አሁን ግን ባለቀሰ ቁጥር አዮ ወደኔ ያያሉ። በኋላማ ተናገሩ። «ልጄ፣ አንቺን አልወቅስም። ግን ውሃ ጠጥቶ የሚያድግ ሽንኩርት ነው፣ ልጅ አይደለም።»

ነስሩ ጡጦ ገዛ፣ የላም ወተት ከጎረቤት መጣ። አስገደዱኝ ብል እዋሻለሁ፤ እኔም አምኜ ነበር። ልጄ ጡጦውን ስቦ ስቦ እንቅልፍ ሲወስደው እፎይ ብዬ አለቀስኩ። እፎይታዬ ግን ብዙ አልቆየም። ተቅማጥ ያዘው። ዓይኑ ጎደጎደ፣ ከንፈሩ ደረቀ፣ የጡጦውን ቀላል ጉርሻ ስለለመደም ግራውን ስሰጠው መሳብ ሰነፈ። ያን ሌሊት እኔ በትኩሳት እሱ በተቅማጥ ጎን ለጎን ተኛን። የሱን ትንፋሽ ለመስማት የራሴን እይዝ ነበር። በለቅሶው ስንማረር የነበርነው ሰዎች፣ ምነው ባለቀሰ ብለን ተመኘን።

ሲነጋ ነስሩ ሊያየኝ ገባ። ቀሚሴ በቀኝ በኩል ረጥቦ ቢጫ ሆኗል። አየውና «ይሄ ነው ታይፎይድ?» አለ። ነስሩ ከእናቱና ከሚስቱ መሃል ቆሞ ሁለታችንንም «እሺ» ሲል የከረመ ሰው ነው። ያን ቀን ግን «አዮ፣ ይብቃ። ሁለቱንም ሆስፒታል እወስዳቸዋለሁ» አላቸው። አዮ ጫማቸውን አጠለቁና ከሁላችንም ቀድመው ባጃጁ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ።

የሆስፒታሉ ሰልፍ ረጅም ነበር። ከፊታችን እግሯን በፎጣ የጠቀለለች ሴት ነበረች፤ የሪያድን ፊት አይታ «እግሬ የትም አይሮጥብኝም፣ እናንተ ግቡ» ብላ ተራዋን ሰጠችን። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋት። ዛሬም ሰላት ላይ ስቆም ያቺን ባለ ፎጣ እግር ሴት አልረሳትም።

ሐኪሙ ወንድ ነበር። ገና ወንበሩ ላይ ሳልቀመጥ «ጡቴን ነው!» አልኩት። ገበያ ላይ የምጮኸውን ያህል ጮኼ ኖሮ ኮሪደሩ ሁሉ ዞረ። አፍሬ የማላውቀውን ያህል ማፈር ነበረብኝ፤ ግን ሸክም እንዳወረደ ሰው ቀለለኝ። ሐኪሙ በቀስታ ዳሰሰና «መግል ቋጥሯል፣ መከፈት አለበት» አለ። እንዴት እንደማጠባ ሲጠይቀኝ የእህሉንና የውሃውን ነገር ነገርኩት። አልሳቀብኝም። ልጁን ስትመረምር የነበረችው ሲስተር ናት ያስረዳችኝ። ወተት ሳይወጣ ሲቆይ ይረጋል፣ መውጫው ይዘጋል፣ በዚያ ላይ ጫፉ ከተሰነጠቀ ተሕዋስ ገብቶ ያመረቅዛል። ማሸቱ ደግሞ ይበልጥ ያቆስለዋል። ለካ እህል ይወፍራል ብለን ስንቆጥብ መግል ነው ያጠራቀምነው።

«ቀኙ እስኪድን በእጅሽ እያለብሽ ታስወጪዋለሽ» አለችኝ። «ግራውን ግን በፈለገ ሰዓት ስጪው። ጡጦውን ተዪው።»

ይኼኔ አዮ ከተቀመጡበት ጥግ ተነሱ። «ኩን ቢሻን!» አሉ፣ ግራ ጡቴን እያሳዩ። «ውሃ ነው እኮ! ልጁ ከስቶ እያያችሁት ውሃ ልታጠጡት?»

ሲስተር በኦሮምኛ በትሕትና አስረዳቻቸው፣ ሁለቱም አንድ ነው፣ አንዱ ብቻውንም ልጅ ያሳድጋል አለች። አዮ አዳመጡ። ሲያዳምጡ ፊታቸው ላይ ያነበብኩት ግን «ስንት ወልደሽ ታውቂያለሽ?» የሚል ነው።

ጡቴ በማደንዘዣ ተከፈተ። የወጣውን አልጽፈውም፣ ምሳ ሰዓት የሚያነብ ይኖራል። ሁለታችንም ተኛን። እኔ ቁስሉ በየቀኑ እየታጠበ በጎዝ ይጠቀጠቅልኛል፤ ሪያድ ያጣው ፈሳሽ ይተካለታል። ማደንዘዣ የሌለው የጎዝ ቅየራ ከምጥ ይብሳል ብል ወላዶች ይቅር ይበሉኝ። ሲስተር በሩ ላይ ብቅ ስትል ብርድ ልብሴን እስከ አንገቴ እስባለሁ። እሷም ታውቃለች፤ እየቀየረች የጫማ ዋጋ ትጠይቀኛለች። ተናድጄ ስከራከራት ያልቃል።

ጎረቤት አልጋ ላይ ታደለች የምትባል ከኡካ የመጣች ሴት ነበረች። መንታ ወንዶች ይዛለች፤ አንዱ ሳል ይዞት ነው የገቡት። በሁለት ትራስ ተደግፋ ሁለቱንም ባንዴ ታጠባለች። አዮ ከአልጋዬ ጫፍ ተቀምጠው ቆይተው ቆይተው አዩዋት።

«አንቺ ልጅ» አሏት በመጨረሻ፣ «ትቀያይሪያቸዋለሽ አይደል? ቀኙንና ግራውን?»

«ሲስተር ቀይሪ ትለኛለች፣ እነሱ እምቢ አሉ እንጂ» አለች ታደለች። «ከተወለዱ አንዱ ቀኙን፣ አንዱ ግራውን እንደያዙ ናቸው። ብቀይራቸው ርስታቸውን እንደነጠቅኳቸው ነው የሚጮኹት።»

አዮ ተነሱ። ሕፃናቱ ጠግበው ሲለቁ ሁለቱንም ተቀብለው ታቀፉ። በግራ ክንዳቸው አንዱን፣ በቀኝ ክንዳቸው ሌላውን ከፍ ዝቅ አድርገው መዘኑ። ጉንጫቸውን አዩ፣ ጭናቸውን ቆነጠጡ። አንደኛው ከሌላው ሞላ ያለ ነው። አዮ ዓይናቸው በራ። «ይኼው!» አሉ ቀጭኑን ወደኔ እያሳዩ። «ምስኪን። ውሃው የደረሰው ይሄ ነው።»

«ኧረ አዮ!» ታደለች በሳቅ ፈነዳች። «እሱማ ሳል ያከሳው ነው፣ የቀኙ ልጅ! ያ ወፍራሙ ነው የግራው!»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ቁስሌን ይዤ፣ እንባዬ እስኪወርድ። አዮ ብቻ አልሳቁም። ወፍራሙን ሕፃን ደግመው ደግመው አዩት። ለታደለች መለሱላትና «ረቢ ሃጉዲሱ» ብለው መረቁላት፤ ፈጣሪ ያሳድግልሽ ማለታቸው ነው። ከዚያ ከአልጋዬ ስር ደብቀው ያስቀመጡትን የላም ወተት አወጡ። ሲስተር እንዳታያቸው ዙሪያውን ቃኝተው በኩባያ ቀዱና ለኔ ሰጡኝ።

«ጠጪ። እሱ የራሱ አለው።»

እጅ የሰጡ እንዳይመስላችሁ። ወተቱን እየጠጣሁ ሳለሁ «እናትየዋ ከጠጣች ግራውም እህል ይሆናል ማለት ነው» ብለው ትምህርታቸውን አሻሻሉት። እኔ ምን ቸገረኝ? ከዚያች ቀን ጀምሮ ልጁን አንስተው ግራዬ ላይ የሚያስቀምጡልኝ እሳቸው ሆኑ።

ያ በር የሚያህለው ነስሩም ሆስፒታሉ ቧንቧ ስር ቁጢጥ ብሎ የልጁን ጨርቅ ሲያጥብ ጓደኞቹ አግኝተውት «ነስሩ፣ አንተም ወለድክ?» አሉት። «አዎ፣ ወንድ ነው» ብሎ ማጠቡን ቀጠለ። ይህን ሲያወራልኝ ቁስሌ የደረቀ ያህል ደስ አለኝ።

ወደ ቤት ስንመለስ ፍርሃቱ አብሮን ገባ። ሆስፒታል ውስጥ ሲስተር አለች፤ ቤት ውስጥ እኔና አንድ ጡቴ ነን። ሪያድ ሲያለቅስ ጡጦው ትዝ ይለኛል። አንዳንድ ማታ፣ እውነቴን ነው፣ አውጡልኝ ልል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ሲስተር ጨርቁ በደንብ እየረጠበ ከሆነ ወተቱ በቅቶታል ብላን ነበርና አዮ ሥራዬ ብለው ያዙት። የኔ ልብ ሲጠፋ እርጥቡን ጨርቅ አምጥተው እንደ ባንዲራ ከፍ ያደርጉልኛል። «ይኸው ሸንቷል! ካልጠጣ ከየት አመጣው?» ጎረቤት እንግዳ ይኑር አይኑር ግድ የላቸውም። እኔም እየሳቅሁ ልጄን አስጠጋለሁ። እየሳበ ሲሄድ ወተቱም እየበረከተ ሄደ።

ቁስሉ ሲድን ቀኙን ሞከርኩለት። ፊቱን አዙሮ ተወው። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ ደጋግሞ አዞረ። ሐኪሙ በዚያ በኩል ሊደርቅ እንደሚችል ነግሮኝ ነበር፤ እንዳለውም ቀስ በቀስ ደረቀ። ዛሬ አንዱ ትልቅ አንዱ ትንሽ ነው፣ ጠባሳም አለው። መጀመሪያ መስታወት ፊት መቆም አስጠልቶኝ ነበር። አሁን ሻሼን ወደዚያ ጎን ጣል አድርጌ ሱቄን እከፍታለሁ። የተረፍኩት ሴት ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ።

የክትባት ቀን ደረሰና ሪያድን ይዘን ጤና ጣቢያ ሄድን። ሪያድ ሊመዘን ነው። አንድ ጡት ይበቃል አይበቃም የሚለው ክርክር ሁሉ ያን ቀን ሊቆረጥ ነው። ነርሷ ሪያድን ሚዛኑ ላይ ባለው ማንጠልጠያ ውስጥ አስገብታ ለቀቀችው። እግሩን እያወናጨፈ ተወዛወዘ። አዮ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱዓ እያደረጉ ነው። ነርሷ አነበበች፣ ካርዱን አየች፣ ደግማ አነበበችና «ማሻአላህ፣ ለዚህ ጎረምሳ ምን ትሰጪዋለሽ?» አለችኝ።

«ጡት ብቻ።»

«ግራውን ብቻ!» አሉ አዮ ከኋላዬ፣ የተሰለፈው ሰው ሁሉ እንዲሰማ አድርገው። «ግራውን ብቻ ጠጥቶ ነው!»

ሴቶቹ ሳቁ፣ አንዳንዶቹም ወደ ደረቴ አዩ። ይዩ። እኔ ልጄን ከማንጠልጠያው አውጥቼ አንገቱን እየሳምኩ ነበር፤ የሚከብደውን ልጄን።

ልንወጣ ስንል አንዲት ገና ልጅ የሆነች አራስ፣ ነጠላዋን በቀኝ ጡቷ ላይ ጨምድዳ ይዛ፣ የአዮን ቀሚስ ጎተተች። ጆሯቸው ስር የሆነ ነገር ተናገረች። እኔ አልሰማኋትም፤ ግን ነጠላዋን የያዘችበትን አያያዝ ሳይ አወቅኩት። አዮ ግንባሯን በእጃቸው ጀርባ ነኩ። ትኩሳት እንዳላት ከፊታቸው አየሁ። ቅቤ አላሉም፣ ዳማከሴ አላሉም። ልጇን ተቀበሏት፣ በአንድ እጃቸው አቅፈው በሌላው የልጅቷን ክንድ ያዙና ሰልፉን ሰንጥቀው ወደ ሐኪሙ በር ወሰዷት።

«እፈራለሁ አዮ» አለች ልጅቷ፣ «ካቆሰሉኝ ልጄ ምን ይበላል?»

«ግራው አለ» አሏት። «እስክትድኚ ይበቃዋል። እኔ አይቻለሁ።»